በሽማግሌ ፊት የተበየደ ጆሮ

ጤናዬ ስትልክበት ታዲዮስ በአማኑኤል ከተማ ገበያ ዳር ቁጭ ብሎ የአንድ ገበሬ ራዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ነበር።

ታዲዮስ ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ ያለው ራዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው። በገበያ ቀን ግን ሱቁን ዘግቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ አንዴ አማኑኤል አንዴ ጉንደ ወይን ይወርዳል። ከመርካቶ ያስመጣው መበየጃ ካውያ ገመድ የለውም፤ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይግላል፣ በኪስ ይያዛል። ማርቆስ ያሉ የሙያ ጓደኞቹ «የልጅ መጫወቻ» እያሉ ይስቁበታል። መብራት በጠፋ ቁጥር እነሱ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ፤ እሱ ገጠር ወርዶ ሠርቶ ይመለሳል። በሠራተኛ መሣሪያ የሚስቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ሥራ የፈታ ነው።

መልእክተኛዋ ያለምዘውድ የምትባል የጤናዬ ጎረቤት ናት። ከሩጫዋ ብዛት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ይጎተት ነበር።

«ዕቃህን ሰብስብና ተነሥ! የመሪጌታ ጆሮ ተበላሸ። ሽማግሌ ተቀምጧል።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የወንድምህና የጤናዬ ነዋ! የማታውቅ አትምሰል።»

ያውቃል። አገሩ ሁሉ ያውቃል። የጤናዬ ባል ከሞተ ወዲህ የወንድሙ የአንሙት ሞፈር ድንበር መግፋት ጀመረ። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ፈር ገፋ፣ በሁለተኛው ሦስት ፈር፤ ዘንድሮ ደግሞ የድንበሩ ድንጋይ ራሱ ከቦታው ጠፋ። ድንጋይ እግር የለውም። ግን ባል በሌላት ሴት ማሳ ላይ ድንጋይም ይሄዳል፣ ሰውም ቆሞ ያያል፣ ማታ በየቤቱ «አይ የጤናዬ ነገር!» ተብሎ ይታዘንና ጠዋት ሁሉም ለአንሙት ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደርክ» ይላል። እንዲህ ያለው ኀዘን ከስርቆቱ ይብሳል።

የመሬት ደብተሩ ስፋቱን እንጂ ወሰኑ በየት እንደሚያልፍ አይናገርም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ገመድ ይዘው መሬቱን የለኩት ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ሁመራ ወርደው ቀርተዋል። ጤናዬ ራሷ ከመርጡለ ማርያም ተድራ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የቀራት ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ መሪጌታ አካለ ወልድ። እሳቸውም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ጆሯቸው ያለ መሣሪያ አይሰማም።

ታዲዮስ ቦርሳውን አነሣ። እግሩ ግን እንደ ሌላው ቀን አልፈጠነም። አንሙት ታላቅ ወንድሙ ብቻ አይደለም። አባታቸው ሲሞት ታዲዮስ ገና የሚታዘል ልጅ ነበር፤ ያዘለው አንሙት ነው።

ሽማግሌዎቹ ከብሳናው ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ቄስ አበረ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። መሪጌታ በቃሬዛ መጥተው አጎዛ ላይ ተደላድለዋል፤ ፊታቸው ወደ ማንም አልዞረም፣ ከንፈራቸው ብቻውን ዳዊት ይደግማል። ጤናዬ በአንድ ወገን፣ አንሙት በሌላው ወገን ቆመዋል። ከኋላቸው አገሩ ሁሉ።

አንሙት ታዲዮስን ሲያየው ፊቱ በራ። ክቡን ጥሶ ወጣና ትከሻውን አቅፎ ገለል አደረገው።

«መጣህልኝ! ማታ እኔ ዘንድ ነህ። ባለቤቴ ታየች ያንተን መኝታ አንጥፋለች።»

«እሺ አያ።»

«ደግሞ እጅህ አይቸኩል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመሣሪያ ነገር ነው፣ ይበላሻል። ተበላሽቶ ቢቀር ማን ይፈርድብሃል? ማንም።»

ታዲዮስ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። አንሙት ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የጆሮ መሣሪያው የመሪጌታ የልጅ ልጅ አርሴማ ከባሕር ዳር ያመጣችላቸው ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ሳጥን ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ከእሱ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ታዲዮስ ገና ሲያየው ምን እንደነካው ገባው። መሪጌታ ሽቦው እንዳይንሸራተትባቸው ከጥምጣማቸው ጋር አብረው ይጠመጥሙታል። ጠዋት ሲጠመጥሙ ይጎተታል፣ ማታ ሲፈቱ ይጎተታል። አርሴማ ባሕር ዳር ሆና ይህን በምን ታውቃለች? መሣሪያውን የሠሩትስ ሰዎች ጥምጣም የት አይተው ያውቃሉ? ሽቦው ከሳጥኑ ውስጥ፣ ከተበየደበት ሥር ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

«ከመሣሪያው በፊት» አሉ ቄስ አበረ፣ «ወደ ጆሯቸው ተጠግተን እየጮኽን ብንጠይቅስ?»

«አይሆንም!» አለ አንሙት። «ምስክር በጆሮው የተነገረውን ከመለሰ ምስክርነቱ የእሱ ሳይሆን የተጠጋው ሰው ነው። ጥያቄውን ከዚህ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ሆኖ ሰምቶ ይመልስልኝ። ሕጉ ይኸው ነው፣ ያባቶቻችን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሕጉ ይኸው ነው። ደግ ሕግ ለክፉ ሰው እንዲህ ሲመቸው ማየት ያንገበግባል፤ ግን ይኸው ነው።

«እንግዲያው መሣሪያው ገበያ ይወሰድና ተሠርቶ ይምጣ» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ከዓይናችን አይወጣም!» አለች ጤናዬ። ከመጣች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «እዚሁ ይሠራ። ሁላችሁም እያያችሁ።»

«ይሠራ!» አለ አንሙት እየሳቀ። «የሚሠራው ደግሞ የኔው ወንድም ነው። እኔ አልጠራሁትም፤ አንቺው ጠራሽው።»

«ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው» አለች።

ቄስ አበረ ታዲዮስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ልጅ የአንዱ ወገን ነህ። ሳትሠራ በፊት መማል ይገባህ ይሆን?»

«ለቆርቆሮ መሐላ!» አለ አንሙት፤ ከኋላ ያሉት በሳቅ አወኩ። «ነገ ደግሞ ማረሻ የሚያበጀውን ባለ እጅ በመስቀል አስምሉታ!»

ቄስ አበረም ፈገግ አሉ፤ መሐላው ቀረ። ታዲዮስ ግን በልቡ ቢያስምሉት ይሻለው ነበር። የማለ ሰው በመሐላው ያመካኛል፤ «ምን ላድርግ፣ መስቀል ይዣለሁ» ይላል። አሁን ምንም ማመካኛ የለውም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ምስክሩን ያላሰማ ተረታ፤ ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ ሽማግሌ አይቀመጥም። ታዲዮስ መሬት ላይ ጨርቅ ዘረጋ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ካውያውን አውጥቶ ቁልፉን ተጫነ። ከጫፉ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ደብዘዝ ብላ በራች። የካውያው ባትሪ ድንጋዮች ከጠዋት ጀምሮ ራዲዮ ሲያበይዱ ውለዋል።

ብየዳ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ሽቦው ራሱ መጋል አለበት። ሽቦው ሳይግል የመበየጃው እርሳስ ብቻ ቀልጦ ከላዩ ከተቀመጠ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ላይ ላዩን የያዘ ይመስላል እንጂ ውስጡን አይይዝም። የሙያው ሰዎች ቀዝቃዛ ብየዳ ይሉታል። ከውጭ ለሚያየው ከደህናው አይለይም። ጭንቅላት ዘንበል እስኪል፣ ሽቦ እስኪጎተት ይሠራል። ከዚያ ዝም ይላል።

ካውያውን ሽቦው ላይ አሳረፈ። ገና ነው። ትንሽ መታገሥ አለበት። ቀና ሲል የአንሙትን ዓይን አየ። አንሙት አላስፈራራውም፤ የባሰ አደረገ። ታዲዮስ ልጅ ሳለ ወንዝ ሲያሻግረው ያየው እንደነበረ አድርጎ አየው።

ታዲዮስ ሳይታገሥ እርሳሱን ነካ። ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፣ ግራጫ ሆኖ ደረቀ።

«ይሞከር» አለ።

ሽቦውን እንደ ወትሮው ከመሪጌታ ጥምጣም ጋር ጠምጥመው ጆሯቸው ላይ ሰኩላቸው። መሪጌታ ዳዊታቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። «እሰማለሁ። ማን ነው የሚያስለው? የሳል መድኃኒት ጠጣ፣ ወንድሜ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጤናዬ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

ቄስ አበረ መስቀሉን አስይዘው አስማሏቸው።

«ካየሁት ላይ ብጨምር፣ ካየሁት ላይ ብቀንስ...»

«ካየሁት ላይ ብጨምር፣ ካየሁት ላይ ብቀንስ...»

«እህሌን ውርጭ ይምታው፣ ልሳኔ በዳዊት ላይ ይዘጋ።»

«እህሌን ውርጭ ይምታው፣ ልሳኔ በዳዊት ላይ ይዘጋ» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ።

ታዲዮስ ጥምጣማቸውን ብቻ ያይ ነበር። አንገታቸው ቀና ባለ ቁጥር ልቡ ይወርዳል። አሁን ዞሩ? አልዞሩም። በአንድ በኩል እንዳይዞሩ ይጸልያል፣ በሌላ በኩል ዞረው በተገላገልኩ ይላል፤ የትኛው ጸሎት የእሱ እንደሆነ አላወቀም።

«እንግዲህ መሪጌታ፣ በሽግሽጉ ጊዜ የነዚህን ሁለት ሰዎች ወሰን ያውቃሉ?» አሉ ቄስ አበረ።

«አሳምሬ። ገመዱን ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ። ወሰኑ...» ብለው እጃቸውን ወደ ማሳው ሊዘረጉ አንገታቸውን አዞሩ።

ንግግራቸውን አቁመው ሳጥኑን መታ መታ አደረጉ።

«ጠፋችሁብኝ» አሉ።

ቀድሞ የተናገረው አንሙት ነው። «በቃ! እግዜርም አልፈቀደም። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ?»

«እግዜርን ተወው» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ግን ቀስ ብሎ።

ጤናዬ አልጮኸችም። ወደ ታዲዮስ መጣችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። «ታዲዮስ፣ የደከመው ብረቱ ነው ወይስ እጅህ?»

ሁሉም ሰማ። ታዲዮስ «ብረቱ ነው» ቢል ያምኑታል። ማንም አይፈርድበትም፤ ወንድሙ እውነቱን ነው። የባትሪውን መብራት ያሳያቸዋል፣ መድከሙን በዓይናቸው ያያሉ፣ ይመሽና ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ጤናዬ ግን ገና አልተነሣችም። ከእጇ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ የማሳዋ አፈር ገብቷል።

«እጄ ነው» አለ። «ብረቱ ሳይግል ነካሁት። እንደማይይዝም አውቅ ነበር። ድጋሚ እሠራዋለሁ።»

አንሙት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣና ቆመ።

ታዲዮስ ቁልፉን ተጫነ። መብራቷ አልበራችም። ባትሪ ድንጋዮቹን አወጣቸው፣ በእጁ አሻቸው፣ መልሶ አስገባቸው። ምንም። ገበያ ሄዶ አዲስ ለማምጣት ጊዜ የለም። ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ሰው ሁሉ ሲመሽበት የሚያበራው የእጅ ባትሪ ይዟል፤ በውስጡ ያለው ትልቁ ባትሪ ድንጋይ ነው። ካውያው ውስጥ አይገባም፤ ግን ጉልበቱ አንድ ነው፣ ለዚያውም ይበልጥ ይቆያል። ደርድሮ በሽቦ ቢያገናኘው ይሠራል።

«አራት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ስጡኝ» አለ።

ጤናዬ ወዲያው ከእጅ ባትሪዋ ሁለቱን አውጥታ ሰጠችው። ሁለት ቀረ። ሌላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እጆች ሁሉ ጋቢ ውስጥ ገቡ። ቄስ አበረ «እኔ ዳኛ ነኝ፣ ለወገን መስጠት አይገባኝም» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሌሎቹ ያን ያህል ምክንያት እንኳ አልነበራቸውም። አንዱ ሰማዩን ያያል፣ አንዱ ጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር ያራግፋል። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ደርሳለች።

አንሙት ዝም ቢል ኖሮ በዚያው ያበቃ ነበር። ግን ዝም ማለት አልቻለበትም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ክቡን በዓይኑ ዞረው።

«እስቲ ማን ነው የሚሰጣት?» አለ። «ወንድ የሆነ ይስጣትና አያለሁ!»

የጎጃም ሰው በልመና የከለከለውን በማስፈራሪያ ይሰጣል። አንሙት ይህን ያጣዋል ማለት አይቻልም፤ ከዚያው አፈር የበቀለ ነው፤ ግን ንቀት ሰው የሚያውቀውን ያስረሳዋል። ገብረ ሚካኤል የሚባል፣ ከማንም ጋር ነገር የሌለው፣ ጠዋት ለአንሙት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሰጠ ገበሬ ከኋላ ተነሣ።

«ምን አልክ?»

«የሰማኸውን።»

«ወንድ የሆነ ነው ያልከው?» ገብረ ሚካኤል የእጅ ባትሪውን ከጋቢው ሥር አወጣና ክቡን አቋርጦ ወረወረው። ከታዲዮስ ጉልበት ሥር አረፈ። «ይኸውልህ! አምፖሉንም ውሰድ! ማየት ነው የምትፈልገው? እይ!»

ሰውየው ጤናዬን ወድዶ አልሰጣትም። ይሁን፤ ሰጠ።

ታዲዮስ አራቱን ድንጋዮች በሰልፍ ደረደራቸው። ጤናዬ መቀነቷን ፈታች፤ ታዲዮስ በእሱ ጠቅልሎ ግራና ቀኝ አጥብቆ አሰራቸው። ጫፍና ጫፉን በሽቦ ይዞ ከካውያው ጋር አገናኘ። መብራቷ ደምቃ በራች።

አንሙት ከበላዩ ቆመ። ከዚህ በኋላ የተናገረው ለታዲዮስ ብቻ ነው።

«አንድ ጡት ነው የጠባነው።»

«አዎ አያ።»

«በጀርባዬ ነው ያደግኸው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህን ታደርግብኛለህ?»

ታዲዮስ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተከለ። ካውያውን ሽቦው ላይ አሳረፈና ጠበቀ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ የመበየጃው ሙጫ ሽታ አፍንጫውን ሞላው። ጠበቀ። እርሳሱ ሲነካው እንደ ውሃ ሰርጎ ሽቦውን ከበበ፣ ሲደርቅም እንደ ብር አበራ። በጥፍሩ ሳበው። አልነቃነቅ አለ። ከዚያ ሽቦውን ከጥምጣሙ አላቅቆ፣ ለመሪጌታ አንገት መዞሪያ የሚበቃ ላላ ያለ ቦታ ትቶ፣ ከቀሚሳቸው አንገትጌ ጋር በክር አሰረው።

«መልስ አልሰጠኸኝም» አለ አንሙት።

«ጨርሻለሁ» አለ ታዲዮስ፣ ወደ ቄስ አበረ ዞሮ።

መሪጌታ ሰሙ። በዚህ ጊዜ አንገታቸውን እንደፈለጉ አዞሩ፤ ጆሯቸው አልከዳቸውም። «ወሰኑ የውሃ መውረጃው ነው» አሉ። «ከመውረጃው ወዲያ የአንሙት፣ ከመውረጃው ወዲህ የዚህች ሴት ባል። ድንጋዩም እዚያው ጫፍ ላይ ተተክሏል።»

አንሙት እንደ ሕጉ ከቦታው ሆኖ ጠየቃቸው። «መሪጌታ፣ እርስዎ ዓይንዎ አያይም። መውረጃውን ከሌላው ቦይ በምን ለዩት?»

«ያን ጊዜ ያይ ነበር፣ ልጄ።»

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ ብለዋል። ሌላውን ጫፍ የያዘውስ? እሱ ለምን አልተጠራም? ወይስ ገመዱ አንድ ጫፍ ብቻ ነበረው?» ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ አንሙትም ሳቃቸው ደስ አለው።

መሪጌታ ድምፁን እየለዩ ፊታቸውን ወደ እሱ አቀኑ።

«ይህን የምትጠይቀኝ አንሙት ነህ አይደል? ቁመተ ረጅሙ? ሌላውን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ። የሽግሽጉ ኮሚቴ ጉልበታም ሰው ሲፈልግ መጥተህ ያዝክ። ድንጋዩንም ተሸክመህ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ ጠጠር አልብሼ ተከልኩት። ረስተኸው ይሆናል፣ ወጣት ነበርክ።»

አንሙት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። የመሰከሩበት የማሉት መሪጌታ ብቻ አይደሉም፤ ከክቡ ውስጥ ትልልቆቹ አንድ በአንድ «እውነት ነው፣ እሱ ነበር» ማለት ጀመሩ። ከአንድ ሰዓት በፊት አንዳቸውም አላስታወሱም ነበር! አሁን ገመዱ ምን ዓይነት ጠፍር እንደነበር ሳይቀር ይነግሩሃል።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልመከሩም። አንሙት ድንጋዩን በገዛ እጁ ከመውረጃው ጫፍ ይመልስ፣ ጤናዬን ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። አንሙት ጋቢውን አውርዶ ከጉልበቷ ጎንበስ አለ። መረታትን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሲረታ እንደ ወግ ነው። ጤናዬም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ አነሣችው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ቄስ አበረ በመስቀላቸው ባረኳቸው፤ ሰው ሁሉ «አሜን» አለ።

ታዲዮስ ካውያውን አጥፍቶ፣ መቀነቱን ፈትቶ፣ ባትሪ ድንጋዮቹን ለባለቤቶቻቸው መልሶ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አንሙት በአጠገቡ አለፈ። ልጅ ጥሎ የሚያልፍ ሰው እንኳ አንዴ ያያል፤ እሱ አላየም።

«አያ።»

አንሙት አልቆመም። ታዲዮስ ወደ ቄስ አበረ ሮጠ።

«አባቴ፣ እኔንም ያስታርቁኝ!»

«ከማን ጋር?»

«ከወንድሜ ጋር።»

ቄስ አበረ ገና ያልተበተኑትን ሽማግሌዎች በእጃቸው አስቆሙና አንሙትን ጠሩት። ተመልሶ መጣ፣ በአክብሮት ቆመ።

«አንሙት፣ በዚህ ልጅ ላይ ምን ክስ አለህ? ተናገር፣ እንስማህ።»

«ክስ የለኝም።»

«ቂምስ?»

«ቂምም የለኝም። ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ተጠርቶ መጣ፣ ሠራ፣ ጨረሰ። የጠራችው ሰው ታሰናብተው።»

ቄስ አበረ ወደ ታዲዮስ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ለተጣላ ሰው መድኃኒት አላቸው፤ አልተጣላሁም ለሚል ግን የላቸውም። «ክስ ከሌለ ሽማግሌ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?» አሉና ቃሬዛውን ወደሚያነሡት ሰዎች ሄዱ።

አንሙት ጋቢውን ተከናንቦ ቁልቁል ወደ ቤቱ ወረደ። ታዲዮስ ከብሳናው ሥር እስከ ዳገቱ ጠርዝ ድረስ ተከተለው፣ እዚያ ቆመ። ጀርባው፣ የታዘለበት ሰፊ ጀርባ፣ በማሳው መካከል እየራቀ ሄደ።

«ክሰሰኝ እንጂ አያ!» ብሎ ጮኸ። «ክሰሰኝ!»

አንሙት በደንብ የሚሰማ ጆሮ አለው። አልዞረም።